ይፋግ ሄዷል

ማረው በተቀበረበት ዕለት፣ ከቀብር መልስ፣ አዛናው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ እጁ ብቻውን ይናገር ነበር።

አጠገቡ የተቀመጡት ቄስ ካሴ፣ የሟቹ የነፍስ አባት፣ «ውሃ ያምጡልህ ልጄ?» ሲሉት አፉን አልከፈተም፤ መዳፉን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ቄሱ መዳፉን አዩ፣ ፊቱን አዩ። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ላልሠራ ሰው የተዘረጋ መዳፍ ምንም አይነግረውም። ለአዛናውና ለማረው ግን «ይበቃል፣ ኬሻው ሞልቷል» ማለት ነበር።

የመፈልፈያ ማሽን ሲነሣ በቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ማረው ከላይ፣ ከእንጨቱ መቆሚያ ላይ ሆኖ፣ ገበሬው ከፎገራ ሜዳ በጋሪ ያመጣውን ሩዝ ከነገለባው ማሽኑ አፍ ውስጥ ይገለብጣል። አዛናው ከታች ተቀምጦ፣ ነጥቶ የሚወርደውን በኬሻ ይቀበላል፤ ሲሞላም የኬሻውን አፍ በትልቁ መርፌ ይሰፋል። ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም። ግን ጩኸቱ መሀላቸው እንደ ግንብ ቆሞ ስለሚውል፣ ሥራ በጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በእጅ መነጋገር ለመዱ። ጣት ማሽከርከር «ጨምር» ነው። መዳፍን ወደ ምድር መጫን «አጥፋው፣ ይቁም» ነው። ባለ ማሽኑ አቶ አሸናፊ ብቅ ሲሉ ሆድን ወደ ፊት መግፋት ይበቃል። የላይኛውን ከንፈር በጣት መጥረግ ማረው ራሱ ነው፤ ጢሙ ከጧት እስከ ማታ የሩዝ ብናኝ እንዳዘለ ይውል ነበርና። የጆሮን ጫፍ ቆንጠጥ ማድረግ ደግሞ ፀደይ ናት፣ የማረው አንድ ልጅ። ሕፃን ሳለች የአንድ ጆሮዋ ጉትቻ ማሽን ቤቱ ውስጥ ወድቆባት፣ አባቷ የገለባውን ክምር በእጁ እያበጠረ ሲፈልግላት ውሎ አገኘው። ከዚያ ወዲህ የእጅ ስሟ ይኸው ሆነ።

ማክሰኞ፣ ምሳ በልተው ማሽኑ ገና ሳይነሣ፣ ማረው «ዛሬስ ደከመኝ» ብሎ ኬሻዎቹ ላይ ጋደም አለ። ደከመኝ የሚል ሰው አልነበረም። አዛናው ቀና ብሎ ሲያየው፣ ፊቱ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ በላብ ርሶ እንደ ሊጥ ሆኗል። ባጃጅ ጠርቶ ደግፎ አስገባው። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ማረው በሕይወት አልነበረም። ባጃጁ ውስጥ የሆነውን አዛናው ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

አላለቀሰም። ማሽን ሲጠፋ የሠራተኛ ጆሮ ለጥቂት ጊዜ ይደፈናል፤ ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ታያለህ፣ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስልሃል። ሁልጊዜ ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል። ከማክሰኞ ወዲህ ግን አልለቀቀውም። አስከሬኑ ሲታጠብም፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት ሲሸኝም፣ አፈሩ ሲመለስም እንደተደፈነ ነበር። ሌላው ሰው ደረቱን ሲመታ እሱ ስለ አፈሩ ያስብ ነበር፤ ጥቁር ነው፣ ገና እርጥብ ነው፣ ሽምብራ ያበቅላል።

የማረው ታላቅ እኅት ትርሲት ድምፅዋ እስኪዘጋ ታለቅስ ነበር። ሙሾ ስታወርድ የሚተካከላት የለም። መሀል ድንኳን ቆማ ነጠላዋን አደግድጋ፣

«መብራት ሄዶ መጣ፣ ማሽኑም ተነሣ፣
ማረው ብቻ ቀረ፣ ሰው ጠርቶት ላይነሣ»

ስትል፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ሳይቀር ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ዐይኗ አዛናው ላይ ዐረፈ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ አጠገቡ ስትቀመጥ፣ «እንባህንም ኬሻ ውስጥ ሰፋኸው?»

«እንጃ እትዬ።»

«እንጃ? ወንድሜ ለእንጃ ነው እንዴ ዕድሜውን ካንተ ጋር ብናኝ ሲቅም የኖረ?»

በዚህ መካከል ደረት ኪሱ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የሱ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ሐኪሞቹ የማረውን ቀበቶና ስልክ ሲሰጡት ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ እዚያው ቀርቷል። አወጣው። መስታወቱ ላይ «ፀዱ» ይላል።

ፀደይ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ማረው በየማታው፣ ብናኙን ታጥቦ ሲያበቃ ይደውልላታል። የሚነጋገሩት ብዙ አልነበረም፤ ምን በላሽ፣ ምን በላህ፣ ብርድ አለ፣ አለ። ማክሰኞ ማታ አልደወለም። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ስልኩን ሲያይ ለቅሶውን ገታ።

«አታንሣው!» አለች ትርሲት። ወዲያው ደግሞ፣ «የለም አንሣው። ካላነሣኸው ትጠረጥራለች።»

«ምን ልበላት?»

ቄስ ካሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቱ ቅዳሜ የመጨረሻውን ፈተና ትፈተናለች። አራት ዓመት የለፋችበት ነው። ስትጨርስ እሑድ በጧት ሽማግሌ ሆነን ሄደን እናረዳታለን። መርዶ በስልክ አይነገር፤ ደንብም አይደለም።»

«እኮ አሁን ምን ልበላት አባ?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። የመለሰችው ትርሲት ናት። «ይፋግ ሄዷል በላት። ሩዝ ሊሸምት። ስልኩን ረስቶ።»

አነሣው።

«አባዬ! ምነው ትናንት?»

«እኔ ነኝ ፀዱ። አዛናው።»

«ውይ፣ አያ አዛናው! እንዴት ዋልህ? አባዬስ?»

«ይፋግ ሄዷል» አለ አዛናው። ቃሉ እንደ ሩዝ ወረደ፣ ያለ ምንም ችግር። «ሩዝ ሊሸምት። ስልኩን ረስቶ።»

«አባዬ? ሩዝ ሊሸምት? ኬሻ ገልባጭ አልነበር እንዴ፣ መቼ ነጋዴ ሆነ?» ሣቀች። «አሸናፊ ሾሙት በለኛ!»

ይኸን ጊዜ ከሊቦ የመጡ ዘመዶች ድንኳኑ በር ላይ ደርሰው «ወየው ወንድሜን!» ብለው ለቀቁት። ትርሲት እጇን እያራገበች ሮጣ አፋቸውን ልትይዝ ምንም አልቀራት። ዘግይታለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ፀደይ።

«ሰው ተጣልቶ ነው። መንገድ ላይ ነኝ።»

«እ… እሺ። ሲመለስ ይደውልልኝ። ድምፁን ካልሰማሁ ጥናት አይገባኝም፣ ያውቃል።»

«እሺ።»

ስልኩ ሲዘጋ ትርሲት «ጎሽ» አለችው። ከሊቦ የመጡትም ካቆሙበት ቀጠሉ። አዛናው ስልኩን እያየ ተቀመጠ። ማፈር እንዳለበት ያውቃል። እፍረቱን ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘውም፤ እንባውንም እንደዚያው።

ግን አንድ ነገር አስታወሰ።

የፀደይ እናት ንግሥቲ የሞተች ጊዜ ልጅቱ ገና አንደኛ ክፍል ነበረች። ያን ጊዜም ዘመድ ተሰብስቦ፣ ያን ጊዜም ትርሲት መላ አመጣች። «ጠበል ሄዳለች በሏት። ሲሻላት ትመጣለች።» ማረው በሐዘን ፈዝዞ ስለነበር እሺ አለ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት መግባት ተወች። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያይበት መገንጠያ ላይ ሄዳ ትቆማለች። ከመኪና የወረደችውን ሴት ሁሉ ታያለች። አባቷ ከሥራ ሲወጣ ከዚያ አንሥቶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ይወስዳታል። ክረምት መጣ፣ ሜዳው በውሃ ተሞላ፣ ሩዙ ተተከለ። ልጅቱ እንደቆመች ነበር።

በኋላ አንድ የክፍሏ ልጅ በጨዋታ ተጣልታት «አንቺ የሞተች እናትሽን ጠብቂ» አለቻት። ፀደይ እየሮጠች ማሽን ቤት መጣች። ማሽኑ ይጮኻል። በሩ ላይ ቆማ ወደ አባቷ ቀና አለች፤ ትንሽ መዳፏንም ወደ ምድር ጫነች። አጥፋው።

ማረው አጠፋውና ወረደ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ «እማዬ ሞታለች?» አለችው።

«አዎ» አላት።

አላለቀሰችም። በቡጢ ወገቡን መታችው፤ እስከዚያ ድረስ ነበር ቁመቷ። እሱም እስኪደክማት ቆመላት። አዛናው መርፌውን እንደያዘ ነበር ይኸን ሁሉ ያየው። ማታ ማረው ብናኙን ሲታጠብ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሞቷን ከመስማት ይልቅ መዋሸቴ ነው የከፋባት» አለ። «ስማ አዛናው። ከእንግዲህ ልጄን የሚዋሻት ሰው ከኔ ጋር በአንድ ትሪ አይበላም።»

ከዚያ ወዲህ ማረው ሌላ ሚስት አላገባም። የልጁን ጠጉር መሥራት ከጎረቤት ሴቶች ተማረ፤ ሹሩባው ጠማማ ነበር፣ ሴቶቹ ይሥቁበት ነበር፣ እሱም «ምን ታደርጉ፣ የሩዝ መስመር መስሎኝ ነው» ይል ነበር። ልጅቱ ደብረ ታቦር ስትገባ ሸኝቷት ሲመለስ ማሽኑን አስነሥቶ ገለበጠ፣ ገለበጠ፣ ያን ቀን አዛናው ኬሻ ሰፍቶ ሊደርስበት አልቻለም።

ሐሙስ፣ ሰልስቱ ከወጣ በኋላ፣ አዛናው የማረውን ኮት ሊያመጣ ማሽን ቤት ሄደ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሟል። ደጅ ገበሬዎች ጋሪያቸው ላይ ተጋድመው ይጠብቃሉ። አቶ አሸናፊ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሰው ሲቀርባቸው የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሆዳቸውን እየዳበሱ፣

«አዛናው» አሉት፣ «እናንተ ሁለታችሁ በእጃችሁ ስታሙኝ የማላውቅ ይመስላችሁ ነበር፣ አይደል?»

«ያውቁ ነበር?»

«ሆዴን እንደዚህ ስትገፉ!» አሳዩት። ሊሥቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «ባለፈው ሳምንት ለሱ መልሼ ሠራሁለት። ከላይ ሊወድቅ ነበር በሣቅ።» ከዚያም ፊታቸውን አዙረው ወደ ገበሬዎቹ ሄዱ።

ኮቱ እንጨቱ መቆሚያ አጠገብ፣ ምስማሩ ላይ ነበር። አዛናው አወረደውና ኬሻ ላይ ተቀመጠ። ኪሱ ውስጥ እጁን ሲያስገባ የሽምብራ ቆሎ አገኘ። ማረው ሲሠራ የሚቆረጥመው ነው። አዛናው አንዷን አፉ ውስጥ ጣለ። ሌላም ጣለ። ከገለባው ክምር ላይ ወፎች ይለቅማሉ። የመጨረሻዋን ሲቆረጥም ነው የሞተ ሰው ቆሎ እየበላ መሆኑ ትዝ ያለው፤ መልሶ ሊያስቀምጠው አይችልም። አላመጠውና ዋጠው።

ስልኩ ጮኸ።

«አያ አዛናው» አለች ፀደይ። ዛሬ አልሣቀችም። «አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም።»

«ከይፋግ?»

«ከይፋግ።»

«ይፋግ እኮ እዚያው አፍንጫችሁ ሥር ነው፣ አያ።»

ማሽኑ ባለመነሣቱ ትንፋሽዋን ሳይቀር ይሰማዋል፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ።

«አያ አዛናው» አለችው፣ ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ ጠበል ነው እንዴ የሄደው?»

የአዛናው እጅ ጉልበቱ ላይ መዳፉን ወደ ምድር ጫነ። ማንም አላየውም። አፉ ግን፣ «የለም። ይፋግ ነው ያልኩሽ» አለ።

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

አዛናው ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በቀጥታ ቄስ ካሴ ዘንድ ሄደ። ቄሱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ።

«አባ፣ ነገ ሄጄ ልነግራት ነው።»

«ተመክሮ የተወሰነ አይደለም እንዴ ልጄ?»

«ማረው ልጄን አትዋሹ ብሎኛል።»

«መቼ?»

«ንግሥቲ የሞተች ጊዜ። እርስዎም ያን ጊዜ ነበሩ አባ። ጠበል ሄዳለች ሲባል ነበሩ።»

ቄሱ ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ። ጊዜ ወሰደባቸው። «ነበርኩ» አሉ። «ግን ይኸን አስብ። ነገ ብትነግራትና ፈተናው ቢያመልጣት፣ አባቷ ያን ሁሉ ኬሻ የተሸከመበት ነገር ውሃ በላው ማለት ነው። ዝም ብትልና ብታልፍ ደግሞ፣ አባቷን ሳትቀብር፣ ሰልስቱን ሳትውል፣ እኛ በላንበት እሷ ሳትሰማ ቀረች። በየቱም በኩል ዕዳ አለ። እሑድ ከሄድን የሁላችን ነው። ነገ ከሄድክ ግን ብቻህን ነው የምትሸከመው።»

«ኬሻ ለምጃለሁ አባ» አለ አዛናው። ቀልድ መሆኑን ራሱም አላወቀም። ቄሱ ግን አንገታቸውን ነቀነቁና መስቀላቸውን አሳለሙት። ሂድም አትሂድም አላሉትም።

ዓርብ ማለዳ መናኸሪያው ጭስና ሁካታ ነበር። «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ። አዛናው ወደ ሚኒባሱ ሲገባ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ትርሲት ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ጥቁር ልብስ ይዛለች።

እግሩ ደረጃው ላይ ቀረ።

«ግባ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ቄስ ካሴ ደግሞ ምሥጢር ይይዛሉ እንዴ? ኑዛዜ ካልሆነ በቀር።» ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። «ወንድ ብቻውን መርዶ ይነግራል? ስትወድቅ ማን ይይዛታል፣ አንተ? ያንተ እጅ ኬሻ እንጂ ሰው መያዝ ያውቃል?»

ተቀመጠ። መኪናው የመገንጠያውን መታጠፊያ አልፎ ወደ ምሥራቅ ቀና። ሩዙ የታጨደበት ሜዳ በሁለቱም በኩል ገለባው ቆሞ ይታያል፤ ከብት ተለቆበታል፣ ሳቢሳ የሚባሉት ወፎች ከብቱን ይከተላሉ። መንገዱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር፣ ትርሲት ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች፣

«ጠበሉን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ» አለች።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ይፋግንም እኔ።»

«አውቃለሁ።»

«ሕፃን ነበረች እኮ። እንዴት ተብሎ ለሕፃን ይነገራል?» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አሁንስ ሕፃን አይደለችም፣ ምን ሆኜ ነው?»

ዓለም በር ከተማን አልፈው ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ፣ አዛናው ለልጅቱ የሚላትን ቃል ይደረድር ነበር። አባትሽ ዐርፏል። አባትሽን እግዜር ወሰደው። ቃሎቹ አፉ ውስጥ እንደ ገለባ ደረቁበት።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ሲደርሱ የማረውን ስልክ አወጣ። ከዚያ ስልክ ቢደውል «አባዬ» ብላ እንደምታነሣው ታየው። መልሶ ከተተው፤ በራሱ ደወለ።

«በር ላይ ነኝ» አላት።

ስልኩ ተዘጋ።

ከግቢው ውስጥ ዛፎቹ መሀል ብቅ አለች። ቀጭን ሹራብ ለብሳለች፣ እጇ ላይ እስክሪብቶ አለ። አዛናውን አየች። ከጎኑ በዚህ ማለዳ አክስቷን አየች፣ የፌስታሉን ጥቁር ልብስ አየች። ቆመች። በነሱና በሷ መካከል የግቢው በር፣ ዘበኛውና የሚገቡ የሚወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ትርሲት «ልጄ…» ብላ ልትጀምር ስትል አዛናው ክንዷን ያዛት።

ፀደይ እጇን አነሣች። የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ጠረገች። አገጯን ቀና አድርጋ ጠየቀችው። ከዚያ መዳፏን፣ ቀስ አድርጋ፣ ወደ ምድር ጫነች።

ቆመ?

አዛናው የደረደረው ቃል ሁሉ ጠፋ። እጁ ግን ያውቅ ነበር። መዳፉን ወደ ምድር ጫነ።

አልወደቀችም። እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተችና በሩን አልፋ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ተቀበረ?»

«ተቀበረ። ኪዳነ ምሕረት፣ ከእናትሽ አጠገብ።»

«ስደውል ድንኳን ውስጥ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ሰው ሲጣላ እንደዚያ አይጮኽም፣ አያ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። አባዬ አልዋሸሽም ብሎኝ ስለነበር፣ አንተም አትዋሽም ብዬ ራሴን ስገሥጽ አደርኩ።»

አዛናው ይቅርታ ሊል ፈለገ። ቃሉ ትንሽ ሆነበት። ዝም ብሎ ቆመላት፣ ማረው ያን ጊዜ እንደቆመላት። ግን አልመታችውም። ትርሲት አቅፋት እየየዋን ለቀቀችው፤ ተማሪዎቹ ዞረው አዩ። ልጅቱ በአክስቷ ትከሻ ላይ ሆና፣ ዐይኗ ደረቅ፣ ሩቅ ታይ ነበር።

ጥቁሩን ልብስ ዘበኛው ቤት ገብታ ለብሳ ወጣች። «እንሂድ» አለች። «ዛሬ አባዬ ጋ አውሉኝ። ማታ እመለሳለሁ። ነገ እፈተናለሁ።»

«ኧረ ልጄ!» አለች ትርሲት። «ለቅሶ ጥለሽ? ያባትሽ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ከጠየቀሽ፣ አክስቴ» አለች ፀደይ፣ «ይፋግ ሄዳለች በይ።»

ትርሲት አፏን ከፈተች፣ ዘጋችውም።

ሲመለሱ ፀደይ ከአዛናው ጎን ተቀመጠች። መኪናው ጥቂት እንደሄደ፣ «ንገረኝ» አለችው። «ምንም ሳታስቀር።»

ነገራት። ምሳ የበሉትን፣ ሽሮ እንደነበረና ማረው ቃሪያውን ለሱ እንደተወለት። ደከመኝ ማለቱን። ፊቱ ላይ የነበረውን ብናኝ። ባለፈው ሳምንት ማረውና አሸናፊ በሆድ ምልክቱ መሣቃቸውን ሳይቀር ነገራት፤ እሷም በአፍንጫዋ ትንሽ ሣቀች። የኮቱን ቆሎ እንደበላውም ነገራት።

«ጥሩ አደረግክ» አለችው። «ባጃጁ ውስጥስ?»

አዛናው እጆቹን አያቸው።

«ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ነበር። ሊናገር ፈልጎ ድምፁ አልወጣለትም። ባጃጁም ይጮኻል። እጁን ሲያነሣ አየሁ። ወደ ጢሙ መስሎኝ ነበር። እንደዚህ አደረገ።» የጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ቆነጠጠ፣ ያዘው። «እንደዚህ ይዞ፣ እያየኝ። እኔም እንደዚሁ አደረግኩለት፤ አዎ፣ ፀዱ፣ ገባኝ ብዬ። እጁ ከዚያ አልወረደም። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ እኔ ነኝ ያወረድኩት።»

ፀደይ እጇን አንሥታ የራሷን ጆሮ ያዘች። እንደያዘችው ወደ ፊት ዞረች፤ እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ፣ ድምፅ ሳይኖረው።

ከዓለም በር በኋላ መንገዱ ቁልቁል ተጠማዘዘ። ከታች ሜዳው ተዘረጋ፤ ገለባው፣ ከብቱ፣ ከሩቅ የጣና ውሃ እንደ ቆርቆሮ የሚያበራው። መኪናው ሲወርድ የአዛናው ጆሮ ጧ አለ። መጀመሪያ የሞተሩን ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ መስኮቱ ሲንገጫገጭ፣ ረዳቱ በጥርሱ ሲያፏጭ፣ ከኋላ ትርሲት ነጠላዋን ነክሳ ስታለቅስ። ሁሉም ቅርብ ነበር፣ ሁሉም ጮክ ያለ ነበር፤ እንደዚህ ጮክ ያለ መሆኑን ረስቶት ነበር። ከጎኑ ልጅቱ ስትተነፍስ ሰማት።

«አያ» አለችው፣ «ማሽኑ ዛሬ ይሠራል?»

«መብራት ካለ ይሠራል።»

«መጀመሪያ እዚያ አውርደኝ። የቆመበትን ልየው። ከዚያ ኪዳነ ምሕረት።»

«እሺ» አላት፣ በአፉ። የገዛ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ።